የሌላ ሰው ዜና በእናንተ ድረ ገጽ ላይ፦ የአር ኤስ ኤስ ፊድ አሠራር ከሀ እስከ ፐ

ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ጠዋት ስልኬ ጠራ። የደወሉት የአንድ እድር ሊቀ መንበር ናቸው። የእድሩን ድረ ገጽ የሠራሁት እኔ ነኝ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳንጨርስ፣ «ልጄ፣ እድራችን ቁማር እንዲጀምር ማን ነው የፈቀደው?» አሉኝ።

«ምን ተፈጠረ ጋሼ?»

«እኔ ምን አውቄ! የልጅ ልጄ ናት ከፍታ ያሳየችኝ። የዛሬ ዜናዎች ከሚለው ሥር ያለው ሁሉ ውርርድ ነው።»

ኮምፒዩተሬን ከፈትኩ። እውነታቸውን ነው። በገጹ ቀኝ በኩል አምስት ርዕሶች ተደርድረዋል፤ አምስቱም የኳስ ውርርድ ማስታወቂያ። ድረ ገጹን ማንም አልሰበረውም። ከወራት በፊት የአንዲት ትንሽ የዜና ገጽ ፊድ፣ ማለትም አዳዲስ ርዕሶቿን በራሱ የሚያመጣ ዝርዝር፣ አገናኝቼላቸው ነበር። የገጿ ባለቤቶች የዶሜይን፣ ማለትም የድረ ገጻቸውን ስም፣ ክፍያ ሳያድሱ ቀሩ። ስሙን ሌላ ሰው ገዛው። የፊዱ አድራሻ ግን ያው ነው። ስለዚህ የእድሩ ድረ ገጽ አዲሱ ባለቤት የሚልከውን ሁሉ ምንም ሳይጠራጠር እየተቀበለ ይለጥፍ ነበር። እኔም አንዴ ከሰቀልኩት በኋላ ዞር ብዬ አላየሁትም።

ፊድ ማስገባት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ግን በቤታችሁ ግድግዳ ላይ መስኮት ከፍቶ ቁልፉን ለጎረቤት እንደ መስጠት ነው። በመስኮቱ ምን እንደሚታይ የሚወስነው ጎረቤቱ ነው። ለዚህ ነው ከታች ስለ አጫጫኑ ብቻ ሳይሆን ስለ ጎረቤቱም ብዙ የማወራው። ምሳሌ ያደረግኩት ዎርድፕረስ የሚባለውን የድረ ገጽ መሥሪያ ነው። አብዛኛው ሰው የሚጠይቀኝ ስለሱ ነው፤ ለዚህ ሥራም ሳንቲም አያስከፍልም።

በመጀመሪያ፣ ፊድ ምንድን ነው?

ፊድ አንድ ድረ ገጽ አዲስ ነገር ባወጣ ቁጥር የሚታደስ ዝርዝር ነው። ቀለም የለው፣ ሎጎ የለው፣ ሜኑ የለው። ውስጡ የጽሑፉ ርዕስ፣ ሊንኩ፣ የወጣበት ቀንና አጭር መግለጫ አለ፤ በቃ። የተጻፈው ለማሽን እንጂ ለሰው ዓይን አይደለም። የእናንተ ድረ ገጽ ይህን ዝርዝር እየሄደ ያነብና በራሱ መልክ አሳምሮ ያሳያል።

ፊድ በብዛት የሚጻፍበት ቅርጽ አር ኤስ ኤስ ይባላል። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ኔትስኬፕ በሚባለው ኩባንያ ቤት። የሚገርመው የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ፣ ኮምፒዩተሮች የዓለምን ፊደላት ወደሚለዩበት የጋራ መመዘኛ፣ የገባውም በዚያው ዓመት መሆኑ ነው። ሁለቱ ባይገናኙ ኖሮ ዛሬ የአማርኛ ርዕስ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ሲሻገር ሳይበላሽ አይደርስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ጉግል ሪደር የሚባለው የፊድ ማንበቢያ ሲዘጋ ብዙ ሰው አር ኤስ ኤስን ቀብሮት ነበር። አልሞተም። በስልካችሁ የምትሰሙት ፖድካስት ዛሬም የሚመጣላችሁ በሱ ነው። አተም የሚባል ዘመድም አለው፤ ዎርድፕረስ ሁለቱንም ያነባል፣ ስለዚህ ልዩነታቸው አያስጨንቃችሁ።

አንደኛ፦ ምንጩን ምረጡ

ይሄ ከሁሉም የሚበልጠው እርምጃ ነው፤ ሰው ግን ዘሎት ያልፋል።

መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ዜናው ለማን ነው? ብዙ ደንበኞቼ ፊድ የሚፈልጉት ገጻቸው ባዶ እንዳይመስል ነው። ለፀጉር ቤት ድረ ገጽ የዓለም ዜና ምን ይሠራል? ደንበኛዋ ዋጋና ስልክ ቁጥር ልትፈልግ መጥታ ስለ ጦርነት አንብባ ትሄዳለች። እንዲህ ላሉት ፊዱን ተዉት እላለሁ።

የሚጠቅምበት ቦታ ግን አለ። ለምሳሌ ዋሽንግተን አካባቢ ያለ የኢትዮጵያውያን ማኅበር አስቡ። ገጹን የሚከፍቱት አባላት የአገር ቤት ወሬ ይፈልጋሉ። በአማርኛ የታወቁ ዜና አቅራቢዎች አሉ። የዶይቸ ቬለ አማርኛ ክፍል እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ፣ ቢቢሲ አማርኛ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ እየሠሩ ነው። እንዲህ ያለ የቆየ ተቋም ዶሜይኑን ረስቶ ለውርርድ ሰፈር ያስረክባል ብዬ አልሰጋም። የቡና ላኪ ድረ ገጽ ከሆነ ደግሞ ስለ ቡና ብቻ የሚጽፍ ምንጭ ይፈለግ። ሙሉ ጋዜጣ ማምጣት አያስፈልግም፤ አብዛኞቹ ገጾች ለየክፍላቸው ለብቻ ፊድ አላቸው፤ ለኢኮኖሚው ሌላ፣ ለስፖርቱ ሌላ።

አንድ ምንጭ ከመያዜ በፊት ሦስት ነገር አያለሁ። መጨረሻ የወጣው ጽሑፍ መቼ ነው? ሳምንት ካለፈው ቀስ እላለሁ፣ ሦስት ወር ካለፈው ጭራሽ አልነካውም። ቀጥሎ፣ ማን እንደሚያዘጋጀው በግልጽ ተጽፏል ወይ? ከዚያ ያለፉትን ሃያ ርዕሶች አነባለሁ። ከሃያው ውስጥ በደንበኛዬ ስም ሥር ባየው የማፍርበት አንድ ርዕስ ካለ ምንጩን እተወዋለሁ። አገራችን የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከት አዋጅ አላት፤ ቁጥሩ 1185/2012 ነው። «እኔ አልጻፍኩትም፣ በራሱ መጣ» ማለት ያድናል ብሎ ከመገመት ምንጩን ቀድሞ ማጣራት ይሻላል።

ብዛቱን በተመለከተ፣ አንድ ይበቃል፣ ሁለት የመጨረሻው ነው። አምስት ምንጭ ያለው ገጽ አይቼ አውቃለሁ፤ አንዱ ዜና አምስት ጊዜ በአምስት ርዕስ ተደጋግሞ።

ሁለተኛ፦ የፊዱን አድራሻ ፈልጉ

ይህን በኮምፒዩተር ብትሠሩት ይቀላል። በስልክ ጣት ይዝላል።

አንዳንድ ገጾች አድራሻውን ፊት ለፊት ያስቀምጡታል። ከግርጌ በኩል ብርቱካናማ ሳጥን ውስጥ አንዲት ነጥብና ሁለት ቅስት ካያችሁ እሱ ነው። ምልክቱን ተጭናችሁ የሚመጣውን አድራሻ ኮፒ አድርጉ።

ምልክቱ ከሌለ ገምቱ። ምንጩ በዎርድፕረስ የተሠራ ከሆነ ከአድራሻው መጨረሻ ስላሽ ጨምራችሁ «ፊድ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ፦ ኤፍ፣ ሁለት ጊዜ ኢ፣ ከዚያ ዲ። ለአንድ ክፍል ብቻ ከፈለጋችሁ የክፍሉን ገጽ ከፍታችሁ በዚያ አድራሻ መጨረሻ ላይ ይህንኑ ጨምሩ። ምንጩ ብሎገር በሚባለው የጉግል ብሎግ መሥሪያ የተሠራ ከሆነ የሚጨመረው ረዘም ይላል፦ ስላሽ ፊድስ፣ ስላሽ ፖስትስ፣ ስላሽ ዲፎልት።

ግምቱ ካልሠራ የገጹን ጓዳ ማየት ነው። በኮምፒዩተሩ ላይ ኮንትሮልንና ዩን አብራችሁ ተጫኑ። ጥቅጥቅ ያለ የኮድ ገጽ ይከፈታል። አትደንግጡ፤ ማንበብ አይጠበቅባችሁም። ኮንትሮልንና ኤፍን ተጭናችሁ በመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ አር፣ ኤስ፣ ኤስ የሚሉትን ሦስት ፊደላት ጻፉ። ፊድ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ከገጹ ራስጌ አካባቢ አንድ መስመር ይበራል። በዚያ መስመር ውስጥ በትእምርተ ጥቅስ መካከል ያለው አድራሻ የምትፈልጉት ነው። ካጣችሁት አተም የሚለውንም ፈልጉ።

የዩቲዩብ ቻናልም ፊድ አለው፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። በቻናሉ መግለጫ ውስጥ ሼር የሚለውን ስትነኩ የቻናሉን መለያ ኮፒ የሚያደርግ አማራጭ ይመጣል። መለያው ዩ እና ሲ በሚሉ ፊደላት የሚጀምር ረጅም ነገር ነው። አድራሻው እንዲህ ይገጣጠማል፦ ዩቲዩብ ነጥብ ኮም፣ ስላሽ ፊድስ፣ ስላሽ ቪዲዮስ ነጥብ ኤክስኤምኤል፣ የጥያቄ ምልክት፣ ቻናል፣ የታች ሰረዝ፣ አይዲ፣ እኩል ይሆናል ምልክት፣ ከዚያ መለያው። ሁሉም በትናንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ያለ ክፍት ቦታ። መለያውን ብቻ እንደነበረ ተዉት። የቅርብ ጊዜዎቹን 15 ቪዲዮዎች ይሰጣል። ስብከቱን ወይም ስብሰባውን በዩቲዩብ ለሚለቅ ማኅበር ይህ ከዜና ፊድም ይበልጣል።

አድራሻውን ካገኛችሁ በብሮውዘር ክፈቱት። የሚታየው ያልተስተካከለ ጽሑፍ፣ የማዕዘን ቅንፍ የበዛበት ነው። ልክ ነው፣ እንደዚያ መሆን አለበት። በመሀሉ የአማርኛ ርዕሶች ካያችሁና የመጀመሪያው ቀን የዛሬ ወይም የትናንት ከሆነ ሥራው ግማሽ አልቋል። ጥርጣሬ ከገባችሁ ደብሊው ሦስት ሲ የሚባለው የድር መመዘኛ አውጪ ድርጅት ነጻ የፊድ መፈተሻ አለው፤ አድራሻውን ስትሰጡት ጤነኛ ነው አይደለም ብሎ ይነግራችኋል።

ሦስተኛ፦ ብሎኩን አስገቡ

ዎርድፕረስ ላይ ገጽ የሚገነባው ብሎክ በሚባሉ ቁርጥራጮች ነው። ከስሪት 5.2 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ፣ የአር ኤስ ኤስ ብሎክ አብሮት ይመጣል። ፕለጊን የሚባል ተጨማሪ መሣሪያ አትጫኑ።

ዳሽቦርድ ውስጥ ገብታችሁ ዜናው የሚታይበትን ገጽ ለኤዲት ክፈቱ። የመደመር ምልክቷን ተጫኑ። በመፈለጊያው አር ኤስ ኤስ ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ። ያው የነጥብና የቅስት ምልክት ሲመጣ ንኩት። ባዶ ሳጥን ይወጣል። አድራሻውን እዚያ ለጥፉና ከጎኑ ያለውን ማረጋገጫ ተጫኑ። ጥቂት ሰከንድ ጠብቁ። ርዕሶቹ ይደረደራሉ።

ፊዱ በሁሉም ገጽ ላይ እንዲታይ ከፈለጋችሁ የሚገባው በቴምፕሌቱ፣ ማለትም በገጾቹ የጋራ ንድፍ፣ ውስጥ ነው። በአዲሶቹ ቴሞች (የተዘጋጁ የድረ ገጽ መልኮች) አፒራንስ ከሚለው ሥር ኤዲተር፣ በድሮዎቹ ደግሞ ዊጄትስ የሚለው ጋ ሂዱ። ግን ከማስገባታችሁ በፊት ስልካችሁን አንሱና ገጻችሁን በስልክ እዩት። በኮምፒዩተር በቀኝ በኩል የሚታየው ዓምድ በስልክ ላይ ወደ ታች ወርዶ ከሁሉም በኋላ ይመጣል። የእኛ ሰው የሚከፍተው በስልክ ነው። በግራና በቀኝ መጨቃጨቃችሁን ትታችሁ ለዜናው የራሱን ገጽ ስጡትና በሜኑው ላይ «ዜና» ብላችሁ አስቀምጡት። እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው።

አንድ የተከለከለ ነገር አለ። የራሳችሁን ድረ ገጽ ፊድ በራሳችሁ ድረ ገጽ ላይ አታስገቡ። ገጹ ራሱን እያነበበ እንደ ውሻ ጭራውን ሊያሳድድ ነው። ዎርድፕረስም ይህን አይቶ በመነሻ ገጻችሁ አድራሻ ከሞከራችሁ እንቢ ይላል። የራሳችሁን አዳዲስ ጽሑፎች ለማሳየት ሌላ ብሎክ አለ፤ ሌተስት ፖስትስ ይባላል።

አራተኛ፦ አስተካክሉት

ብሎኩን ስትነኩ በቀኝ በኩል ሴቲንጉ ይከፈታል። የርዕሶቹ ብዛት ከ1 እስከ 20 ይደርሳል፤ ሲመጣ 5 ላይ ነው። እዚያው ተዉት። የጸሐፊው ስም አይጠቅምም፣ አጥፉት። ቀኑን ክፈቱ፤ ቀን የሌለው ዜና ወሬ ነው። ግን ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር እንደሚመጣ አትርሱ። አንባቢዎቻችሁ አዛውንት ከሆኑ ከፊዱ በላይ «ቀኖቹ እ.ኤ.አ. ናቸው» ብላችሁ አንድ መስመር ጨምሩ። ጄኔራል በሚለው ሴቲንግ ውስጥም የሰዓት ሰቁ አዲስ አበባ መሆኑን አረጋግጡ፤ ሳይነኩት የቀረ ድረ ገጽ ብዙ ጊዜ የግሪንዊችን ሰዓት ይዞ ይቀራል።

ቅንጭቡ ላይ ትንሽ ልቆይ። ኤክሰርፕት የሚለውን ስትከፍቱ ከየጽሑፉ ጥቂት ቃላት ይመጣሉ። ሲመጣ 55 ቃል ነው፣ ከ10 እስከ 100 መለወጥ ይቻላል። ለአማርኛ 55 ቃል ብዙ ነው፤ በስልክ ላይ ግማሽ ገጽ ይይዛል። 20 በቂ ነው። እኔ እንዲያውም አጠፋዋለሁ፤ ርዕስ ብቻ ይሁን፣ የፈለገ ይጫን።

እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ግራ የገባኝ ነገር ነበር። ቃሉን 20 አድርጌ አንዱ ጽሑፍ ግን ተዘርግቶ ሙሉውን መጣ። ሌሎቹ በልካቸው ተቆርጠዋል። ሳጣራው የዚያ ጽሑፍ ባለቤት እንደ ድሮው በቃላት መካከል ሁለት ነጥብ የሚጠቀም ሰው ነው፤ እንዲህ፦ ሰላም፡ለሁላችሁ፡ይሁን። ዎርድፕረስ ቃል የሚቆጥረው ክፍት ቦታ እያየ ነው። ሁለቱን ነጥብ አያውቃትም። ስለዚህ አንቀጹን ሙሉ እንደ አንድ ቃል ቆጠረው። እንዲህ ያለ ምንጭ ከገጠማችሁ መፍትሔው ቅንጭቡን መዝጋት ብቻ ነው።

ግሪድ የሚለው አማራጭ ርዕሶቹን በዓምድ በዓምድ ያስቀምጣል። የአማርኛ ርዕስ ረጅም ነው፤ በጠባብ ዓምድ ውስጥ ሲገባ በየመስመሩ ሁለት ሁለት ቃል ሆኖ እንደ ግጥም ይወርዳል። ዝርዝሩ ላይ ቆዩ።

ከፊዱ በላይ ርዕስ አድርጉ፣ የምንጩንም ስም ጻፉ። «ዜና ከቢቢሲ አማርኛ» ሲባልና «ዜናዎች» ሲባል አንድ አይደለም። ሁለተኛው እናንተ የጻፋችሁት ያስመስላል።

ስለ ፊደሉ መልክ ደግሞ፦ ብዙ የተዘጋጁ ቴሞች የተሠሩት ለላቲን ፊደል ነው። አማርኛ ሲገባባቸው ብሮውዘሩ በስልኩ ወይም በኮምፒዩተሩ ላይ ያገኘውን የግዕዝ ፎንት ይጠቀማል፤ አንዱ ጋ አምሮ ሌላው ጋ ተጨማዶ ይታያል። ከስሪት 6.5 ጀምሮ ዎርድፕረስ የራሱ ፎንት ማኖሪያ አለው። ከዚያ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን አውርዳችሁ ጫኑት። ቀጥሎ የአር ኤስ ኤሱን ብሎክ ግሩፕ በሚባለው ብሎክ ውስጥ አስገቡና በግሩፑ ሴቲንግ የመስመር ርቀቱን ወደ 1.7 ከፍ አድርጉ። ፊደላችን ከላይም ከታችም ቦታ ይፈልጋል፤ መስመሮቹ ሲጠጋጉ የታችኛው ራስ ከላይኛው እግር ጋር ይጋጫል።

ጠብቁ

ሁሉንም አስተካክላችሁ ሳለ ምንጩ አዲስ ዜና ያወጣል። የእናንተ ገጽ ላይ አይታይም። ሪፍሬሽ ታደርጋላችሁ። የለም። እዚህ ላይ ሰው ብሎኩን አጥፍቶ እንደገና ይጀምራል።

አታጥፉት። ዎርድፕረስ አንዴ ያነበበውን ፊድ ለ12 ሰዓታት ያህል ያስቀምጠዋል፤ ሰው ገጻችሁን በከፈተ ቁጥር ወደ ምንጩ እየሮጠ አይጠይቅም። ደግ አደረገ። ሺህ ሰው ቢገባ ሺህ ጊዜ ቢጠይቅ ምንጩም ይከፋዋል፣ የእናንተም ገጽ ይንቀራፈፋል። ሰበር ዜና በየደቂቃው ማሳየት ከፈለጋችሁ ይህ መሣሪያ ለእናንተ አይደለም።

ሲበላሽ

መበላሸቱ አይቀርም። ክፋቱ፣ ብሎኩ ሲበላሽ የስህተት መልእክቱን ጎብኚው ሁሉ ያየዋል፤ በእንግሊዝኛ፣ አር ኤስ ኤስ ኤረር ብሎ ይጀምራል።

መልእክቱ ፊድ አልተገኘም የሚል ከሆነ የለጠፋችሁት የድረ ገጹን አድራሻ እንጂ የፊዱን አይደለም፤ ወይም ምንጩ ፊዱን ዘግቶታል። ወደ ሁለተኛው እርምጃ ተመለሱ። 403 የሚል ቁጥር ካለው የምንጩ ሰርቨር የእናንተን ሰርቨር አላስገባም ብሎታል። በብሮውዘራችሁ ስትከፍቱት ይሠራል፣ ከድረ ገጻችሁ ግን አይሠራም። በጓሮ ለመግባት ከመሞከር ለባለቤቶቹ ጽፎ መጠየቅ ይሻላል። 28 የሚል ቁጥር ካያችሁ ነገሩ መዘግየት ነው፤ ምንጩ ቶሎ አልመለሰም፣ ወይም ሆስቲንጋችሁ (ድረ ገጻችሁ የተቀመጠበት ሰርቨር) ወደ ውጭ መውጣት ተከልክሏል። በማግስቱም ያው ከሆነ ለሆስቲንጉ ድርጅት ንገሯቸው።

ርዕሶቹ መጥተው ፊደሉ የማይነበብ ትርኪምርኪ ከሆነስ? ምንጩ ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በነበሩት የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ሊሆን ይችላል። እነዚያ የላቲን ፊደላትን ወስደው በላያቸው ላይ የግዕዝ ቅርጽ የሚያለብሱ ነበሩ። ፎንቱ ሲለያቸው ጭምብሉ ይወልቃል። በእናንተ በኩል የሚደረግ ነገር የለም፤ ሌላ ምንጭ ፈልጉ።

ፕለጊን መቼ ያስፈልጋል?

ሁለት ምንጮችን ቀላቅሎ በቀን ቅደም ተከተል ማሳየት ስትፈልጉ፣ ወይም ከርዕሱ ጋር ፎቶ እንዲመጣ ስትፈልጉ። ፊድዚ የሚባለው ለዚህ ይሆናል፤ ነጻው ስሪት ብዙውን ይሠራል፣ አንዳንዱ ነገር ክፍያ አለው። ፎቶውን ግን አስቡበት። አንባቢያችሁ ዳታ በሜጋባይት ገዝቶ ነው የሚገባው። አምስት ርዕስ ከአንዲት ትንሽ ፎቶ ያነሰ ቦታ ይይዛል።

እነዚህ ፕለጊኖች አንድ የሚያጓጓ ነገር ያቀርባሉ፤ የምንጩን ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ ወስደው በእናንተ ገጽ ላይ እንደ ራሳችሁ ጽሑፍ የሚያትሙበት መንገድ። አትንኩት። የሰው ድካም ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ቆይቷል። ጉግልም ቢሆን ተገልብጦ የተለጠፈ ጽሑፍ ከዋናው አስበልጦ እንዲያሳይላችሁ አትጠብቁ። ርዕስና ሊንክ ብቻ ስታሳዩ ግን አንባቢው ወደ ባለቤቱ ይሄዳል፤ ባለቤቱም አይከፋም። ያም ሆኖ ትልልቆቹ ዜና አቅራቢዎች ስለ ፊዳቸው አጠቃቀም ያወጡት ደንብ አለ። ንግድ ላይ ያለ ድረ ገጽ ከሆነ አንብቡት።

ዎርድፕረስ ለሌላችሁ

ብሎገር ሌይአውት በሚለው ውስጥ ጋጀት ሲጨመር ፊድ የሚል ምርጫ አለው፤ አድራሻውን መለጠፍ ነው። ዊክስ ላይ ከአፕ ገበያው መጫን ያስፈልጋል። ጉግል ሳይትስ የራሱ የለውም፤ ከሌላ ድርጅት የሚወሰድ ዊጄት (ገጽ ላይ የሚለጠፍ ትንሽ መሣሪያ) ኢምቤድ በሚለው ትእዛዝ ይገባል። የእንዲህ ዓይነቱ ዊጄት ችግር ሥራውን የሚሠራው በጎብኚው ስልክ ላይ መሆኑ ነው። የዎርድፕረሱ ብሎክ ዜናውን በሰርቨሩ ላይ አብስሎ ያቀርባል፤ ዊጄቱ ግን ጥሬውን ልኮ ስልኩ እንዲያበስል ያደርጋል። ቀርፋፋ ኔትወርክ ላይ ዜናው የሚመጣው ሰውየው ገጹን ዘግቶ ከሄደ በኋላ ነው።

«የእኛ ዜና ያለው ቴሌግራም ላይ ነው» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እውነት ነው። ግን የቴሌግራም ቻናል አር ኤስ ኤስ የለውም፣ የፌስቡክ ገጽም እንደዚያው። ከቴሌግራም ከሕዝብ ቻናል አንድ ፖስት መርጦ ኢምቤድ ማድረግ ይቻላል፤ ለአንድ ትልቅ ማስታወቂያ ጥሩ ነው፣ ለየቀኑ ዜና አይሆንም። ማኅበራችሁ የራሱ ቻናል ካለው እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው፤ ጽሑፉን መጀመሪያ ድረ ገጹ ላይ አውጡት፣ ሊንኩን ቻናሉ ላይ ለጥፉ። ያኔ ፊዱ የእናንተ ይሆናል፣ ሌላውም ከእናንተ ይወስዳል። ሰው ሙሉ ጽሑፋችሁን እንዳይወስድ ከፈለጋችሁ በሴቲንግ ውስጥ ሪዲንግ የሚለው ጋ ገብታችሁ ፊዱ ቅንጭብ ብቻ እንዲሰጥ አድርጉት።

እድሩስ?

የዚያን እሑድ መጀመሪያ ብሎኩን አጠፋሁት። ገጹን ባዶ ማሳየት ይሻላል። ማታውን ሌላ ምንጭ ፈለግኩ፣ ሃያ ርዕስ አነበብኩ፣ አስገባሁ። በስልኬ ካላንደር ላይም ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ የሚጮህ ማስታወሻ ሞላሁ፦ «የእድሩን ዜና እይ»። ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። ርዕሶቹን አነባለሁ፣ አንዱን ተጭኜ የት እንደሚወስደኝ አያለሁ።

ሊቀ መንበሩ ከእኔ ይብሳሉ። አሁን ራሳቸው በየቀኑ ይከታተሉታል። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ደወሉ፤ በራዲዮ የሰሙት ዜና ገጹ ላይ አልወጣም። «ጋሼ፣ ችግር የለም፣ 12 ሰዓት ይጠብቁ» አልኳቸው። እሺ ብለው ዘጉት። ልክ ፀሐይ ስትጠልቅ ስልኬ ጠራ።

«ልጄ፣ ይኸው 12 ሰዓት ሆነ። የታለ?»